ባለሱቁ ሳይሰማ ቤት መከራየት፦ ለባለዕዳ ቤት ፈላጊ የቀረበ ምክር

ወዳጄ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ቤት እየፈለግህ ኪስህም ስምህም የሳሳ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ላንተ ነው። ስሙ ያልጎደፈ ሰው ይለፈው፤ እሱ ቁልፉን ተቀብሎ፣ ፍራሹን አንጥፎ ተኝቷል። እኛ የምንመክረው ከበፊቱ ቤት የሁለት ወር ኪራይ "በቅርቡ እከፍላለሁ" ብሎ የወጣውን፣ ከሱቅ ዘይትና ሳሙና በዱቤ ወስዶ መንገድ የቀየረውን፣ የዕቁቡን የመጀመሪያ ዕጣ በልቶ በሁለተኛው ሳምንት የታመመውን ሰው ነው። አንተ ነህ አላልኩም። ጓደኛህ ነው እንበል።

በመጀመሪያ መርማሪህን ዕወቅ። አሜሪካ ያለው ያገርህ ልጅ ቤት ሊከራይ ሲሄድ አከራዩ ኮምፒውተር ከፍቶ ከ300 እስከ 850 የሚደርስ ቁጥር ያያል። ቁጥሩ ዝቅ ካለ "ይቅርታ" ይባላል፤ ያልከፈለው ዕዳ ግን በደንቡ ሰባት ዓመት ከተቀመጠ በኋላ ከመዝገቡ ይፋቃል። ጀርመን ያለው ደግሞ ሹፋ ከሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1927 ከተቋቋመ ድርጅት የንጽሕና ወረቀት አምጣ ይባላል። እኛም አገር ብሔራዊ ባንክ ባወጣው መመሪያ የሚመራ፣ ባንኮች የተበዳሪን ታሪክ የሚያጣሩበት የብድር መረጃ ማእከል አለ። አትደንግጥ። ማእከሉ የሚያገለግለው አበዳሪ ተቋማትን ነው፤ እትዬ አከራይ እዚያ መግቢያ የላቸውም። የላቸውም ብቻ ሳይሆን አያስፈልጋቸውም። የእሳቸው ማእከል ከግቢያቸው በር ትንሽ እልፍ ብሎ፣ ከመብራት እንጨቱ ሥር ያለው ሱቅ ነው።

የሱቁን መዝገብ አይተኸው ታውቃለህ። ጥጉ የተቀደደ የሒሳብ ደብተር ነው፤ በሲባጎ ከመደርደሪያው ምስማር ላይ ይንጠለጠላል፤ እስክሪብቶውም በዚያው ሲባጎ ታስሯል፤ እሱም በዱቤ እንዳይሄድ ይመስለኛል። ስም አይጻፍበትም። "መምህሩ"፣ "ባለ ሞተሩ"፣ "ከጀርባ ያለው ረጅሙ" ተብሎ ይጻፍና ከሥሩ ዘይት አንድ ሊትር፣ ፓስታ ሁለት፣ ሳሙና፣ ሶፍት ይደረደራል። የከፈለው ሰው መስመሩ ይሰረዛል። ያልከፈለው መስመር ከገጽ ወደ ገጽ እየተገለበጠ፣ ደብተሩ ሲያልቅም ወደ አዲሱ ደብተር እየተሻገረ ይኖራል። ሰባት ዓመት ብሎ ነገር የለም፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። ከገንዘቡ በላይ የሚያስፈራው ግን በደብተሩ ላይ ያልተጻፈው ነው። ባለሱቁ ስንት ብር እንዳለብህ ብቻ አይደለም የሚያውቀው፤ ከሱቁ ፊት ለፊት ማለፍ ያቆምክበትን ቀንም ያውቃል።

እንግዲህ መርማሪህን ካወቅህ ወደ ዘዴዎቹ እንለፍ።

ከሁሉ የጸዳው ዘዴ የቀበሌ ቤት መያዝ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና የትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ማኅበራት ተሰጡ። በእነዚያ ቤቶች የገባ ሰው ስለ ዘይትና ሳሙናው የጠየቀው የለም፤ ኪራዩም ዛሬ የአንድ ማኪያቶ ዋጋ የማይሞላበት ቤት አለ። ከአንተ የሚጠበቀው ከሃምሳ ዓመት በፊት መከራየት ብቻ ነበር። ካመለጠህ እናትህን ውቀስ።

ሁለተኛው ዘዴ ስም መለወጥ ነው። ታሪክ ይደግፍሃል፤ ከተማዋ ራሷ ድሮ መንቆረር ትባል ነበር። ስሟን ያስለወጧት ጌታም የራሳቸውን ለውጠዋል፤ ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ሲያነግሧቸው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ። ልብ በል ግን፤ እሳቸው ስም የለወጡት ዘውድ ደፍተው ነው። አንተ ኮፍያ ደፍተህ "ዳዊት እባላለሁ" ብትል፣ በማግስቱ ገበያ መሐል የእናትህ ጎረቤት በሕፃንነትህ ባወጣችልህ ስም ጮኻ ትጠራሃለች። በዚያ ላይ ዛሬ የሚጠየቀው ባለ 12 አኃዙ የፋይዳ መታወቂያ ነው። የዐሥር ጣትህንና የዓይንህን አሻራ ሰጥተሃል፤ ስም ቢለወጥ ጣት አይለወጥም።

ሦስተኛው ዘዴ ከተማ መለወጥ ነው። ደጀን አለ፣ ሉማሜ አለ፣ አማኑኤል፣ ደምበጫ፣ ቢቸና አለ። ይሁን እንጂ ከማርቆስ የሚነሣ ሚኒባስ ከተሳፋሪው ሌላ ወሬ ይጭናል፤ ወሬ ደግሞ ታሪፍ አይከፍልም፣ ወንበርም አይጠብቅም። አንተ አማኑኤል ወርደህ ሻንጣህን ሳታራግፍ "እዚያ ማርቆስ የነበረው ነው አሉ" ተብሏል። "ከሩቅ አገር ነው የመጣሁት" ማለትም ያስኬዳል፤ ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከየክልሉ የሚመጣው ተማሪና መምህር ብዙ ስለሆነ እንግዳ ፊት ማንንም አያስደነግጥም። ችግሩ ፊትህ አይደለም። "ከሐዋሳ ነው የመጣሁት" ስትል የጎጃም ቃናህ ቀድሞህ ጮቄ ተራራ ላይ ይወጣል።

ጊዜ መምረጥን አትናቅ። ጳጉሜን ውስጥ ግባ። ደመወዝ የማይከፈልባት፣ ኪራይም የማይቆጠርባት ወር እሷ ብቻ ናት፤ አምስት ቀን፣ ሠግር ዓመት ከሆነ ስድስት ቀን በነፃ ታድራለህ። በዚያ ላይ ዓመቱ ሊለወጥ ሲል የሰው ልብ ይራራል። ዝናቡ ግን ገና አላባራም፤ ፍራሽህ ከመኪና እስኪወርድ ይረጥባል፤ የረጠበ ፍራሽ ይዞ በር ላይ የቆመን ሰው የመለሰች አከራይ ግን ገጥማኝ አታውቅም።

አሁን ወደ ደላላው እንምጣ። ደላላው አንተን ሲያስተዋውቅ ብትሰማው አንተ ራስህ ቤትህን ታከራየዋለህ። "ንጹሕ ልጅ ነው፣ አይጠጣም፣ አያጨስም፣ ከሥራ ቤት፣ ከቤት ቤተ ክርስቲያን" ይላል። ደስ እንዳይልህ። ይህን ያለው አፍ ከደቂቃ በፊት ላንተ "እዚህ ግቢ ውኃ ጠፍቶ አያውቅም" ያለው አፍ ነው። እትዬም ይህን ስለሚያውቁ የደላላን ምስጋና በግማሽ ዋጋ ነው የሚወስዱት። ኮሚሽኑን ግን ሙሉውን ትከፍላለህ፤ በዱቤ የማይሰጥ ባለሙያ ቢኖር ደላላ ነው።

ዋናው ምርመራ የሚካሄደው ቡና ላይ ነው። "ና እስቲ ልጄ፣ ቡና ጠጥተህ ሂድ" ስትባል ተራ ግብዣ እንዳይመስልህ። ረከቦቱ ዙሪያ ሁለት ሦስት ጎረቤቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል፤ ድምፅ የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ከመግባትህ በፊት ስልክህን አጥፋ። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ኢትዮ ቴሌኮምና ዳሸን ባንክ ቴሌብር መላን ከጀመሩ ወዲህ ያለ ዋስና ያለ ማስያዣ፣ የስልክ አጠቃቀምህን ብቻ መዝኖ የሚያበድር ነገር መጥቷል፤ እሱን ካልመለስክ ግን "ብድርዎን ይክፈሉ" የሚለው መልእክት በሥነ ሥርዓቱ መሐል እንዳይደርስ። የእትዬ ልጅ ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ዓይኗ ደግሞ ከጎንህ ነው።

አቦል ላይ የሚመጣው ጥያቄ "የማን ልጅ ነህ?" የሚል ነው። የአባትህንና የአያትህን ስም፣ ከዚያም ደብርህን ትናገራለህ። ደብር ስትጠራ ተጠንቀቅ፤ የትኛውንም ብትጠራ ከተቀመጡት አንዷ እዚያ የተዳረች እኅት አለቻት። "እንዴ! የነእንትና ጎረቤት ነሃ!" ከተባልክ ወይ ድነሃል፣ ወይ ጠፍተሃል፤ አባትህ ለነእንትና በሬ አበድሮ እንደሆነ ወይስ ተበድሮ እንደቀረ ቀድመህ አጣርተህ መምጣት ነበረብህ።

ቶና ላይ "ከዚያኛው ቤት ምን አስወጣህ?" ትባላለህ። "ተጣላን" እንዳትል፤ ጠበኛ ነህ ማለት ነው። "ኪራይ ጨመሩብኝ" እንዳትል፤ እትዬም ለመስከረም ያሰቡት ይህንኑ ነው። ትክክለኛው መልስ "ለቤተ ክርስቲያን ራቀኝ፣ እትዬ" ነው። ይህ መልስ በዚህ ከተማ ተቃውሞ ገጥሞት አያውቅም። ጉዳቱ፣ ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት በርህ ይንኳኳል፤ "ኪዳን ደረሰ፣ አትነሣም እንዴ?"

በቶናና በበረካ መሐል እትዬ ስኳር ያለቀ ይመስላቸዋል። የስኳሩ ዕቃ ሙሉ ሆኖ እያየኸው ልጅቷን "ሩብ ኪሎ ስኳር አምጪ" ብለው ወደ ሱቅ ይልኳታል። ከዚያ ወዲያ የምትናገረው ሁሉ ዋጋ የለውም፤ ጉዳይህ ከቤት ወጥቷል። ቶሎ ከተመለሰች ባለሱቁ አያውቅህም ማለት ነው። ከቆየች ደብተሩ እየተገለጠ ነው። ትመለስና ስኳሩን አስቀምጣ ወደ እትዬ ጆሮ ጎንበስ ትላለች። አንተ የምታየው እትዬ ጀበናውን ሲያነሡ ብቻ ነው። በረካው ሞልቶ ተቀድቶ፣ ቆሎው ወደ አንተ ከተጠጋ ቤቱ ያንተ ነው። "እስቲ ባለቤቴን ላማክር" ካሉህ ግድግዳውን ቀና ብለህ እይ፤ ባለቤታቸው ካረፉ ዐሥር ዓመት እንደሆናቸው ከፎቶው ሥር ተጽፏል። አመስግነህ ተነሣ።

ያለ ምክር ግን አልተውህም፤ ዋስ ጥራ።

ዋስ በዚህ አገር የተከበረ ማዕረግ ነው። ዱሮ ዋስ ያጣ ባለዕዳ ከአበዳሪው ጋር ነጠላቸው ጫፍ ለጫፍ ተቋጥሮ፣ አንዳንዴም በሰንሰለት እጅ ለእጅ ተሳስረው በየአደባባዩና በየገበያው አብረው ይዞሩ ነበር፤ ቁራኛ ይባላል። አበዳሪው ገንዘቡን ሲጠብቅ እሱም አብሮ እስረኛ ነው፤ ባለዕዳው የሄደበት ይሄዳል፣ የተኛበት ይተኛል። ዛሬ ሰንሰለቱ ቀርቷል፤ አከራይና ተከራይ ግን አሁንም በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቆጣሪ፣ በአንድ ቧንቧ ተሳስረው ስለሚኖሩ ነገሩ ጨርሶ ጠፍቷል ለማለት ይቸግራል።

ዋስ ስትፈልግ ከአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ዛሬ ፀደይ ባንክ ከሆነው፣ በቡድን የተበደረ ሰው ዘንድ አትሂድ። እነሱ አንዱ ላንዱ ተያይዘው ተበድረው፣ የጠፋውን ጓደኛቸውን ዕዳ አዋጥተው የከፈሉ ናቸው፤ "ዋስ" የሚለውን ቃል ሲሰሙ ሆዳቸውን ያማቸዋል። ያልቀመሰውን ፈልግ። ስታገኘው ሕጉን ጥቀስለት፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋስትና በጽሑፍ እንዲሆን፣ ዋሱ የሚጠየቅበት የገንዘብ ጣሪያም እንዲገለጽ ያዛል፤ ጣሪያው ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። "ከዚህ በላይ አንዲት ሳንቲም አትጠየቅም" በለው። "እስከዚህ ድረስ ግን እጠየቃለሁ?" ብሎ እንዳይነቃ ቀጥለህ ስለ ዝናቡ አውራ።

ከሁሉ የሚበልጠው ዋስ ግን ጤፍ ነው። ከገጠር መጥተው ማርቆስ ለሚማሩ ልጆች ቤት የሚከራዩ አባቶችን ተመልከት። አንድ ክፍል ለሦስት አራት ልጅ ይይዛሉ፤ ውል አይጽፉም፣ መታወቂያ አያሳዩም። በገበያ ቀን ጋቢያቸውን ደርበው፣ አንድ ጆንያ ጤፍና ግማሽ ጆንያ የጮቄ ድንች በአህያ አስጭነው ከግቢው ይገባሉ። እትዬ ያንን ጆንያ ካዩ ወዲያ ሱቅ የሚልኩት ለእውነተኛ ስኳር ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ለሌላ ነው፤ አንተ ቸግሮሃል፤ ከአጎትህ ጤፍ ተበድረህ ይዘህ ግባ።

ሕግ ዐዋቂ ነኝ ካልክ ደግሞ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለልህ። አዋጁ በሚሠራበት ከተማ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድመ ክፍያ መጠየቅ አይችልም፤ ኪራዩም የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክስ መንገድ ነው። ስለ ዱቤ ደብተር አንድም አንቀጽ የለውም። ይህ ለአንተ ትልቅ ድል ነው፤ ነገር ግን ቁልፍ ከመቀበልህ በፊት አዋጅ ቁጥር ለሚጠቅስ ተከራይ እትዬ አንድ መልስ ብቻ አላቸው፤ "ቤቱ ትናንት ተያዘ፣ ልጄ።" አዋጁን ከገባህ በኋላ አንብበው።

ቤቱን አገኘህ እንበል። የመጀመሪያውን ወር ከቀኑ አንድ ቀን ቀድመህ ክፈል፤ ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ወር ላይ ምክንያት ያስፈልግሃል። ደመወዝ ዘገየ፣ እናት ታመመች፣ ለቅሶ ገጠመኝ፤ ሁሉም ያገለገሉ ናቸው። አንዱን ብቻ አደራ እንዳትነካው፤ "ኔትወርክ የለም፣ ገንዘብ ማስተላለፍ አልቻልኩም" የሚለውን። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር፤ መንገድ ተዘግቶ ከባንክ ደጅ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ነበር። በዚያን ጊዜ "ሲከፈት ትሰጠኛለህ፣ ምን ታደርግ" ብለው ወራት የታገሡ አከራዮች አሉ። ይህን ምክንያት እውነተኛው ችግረኛ ከፍሎበታል፤ አንተ በሐሰት ስትመነዝረው በሚቀጥለው ክፉ ቀን የሱን በር ታዘጋበታለህ።

ስለ እትዬም ትንሽ አጣራ። ምርመራ በአንድ ወገን ብቻ አይካሄድም። የሰርቪስ ክፍሎቹን የሠሩት በብድር ሊሆን ይችላል፤ የዕድሩን ቅጣት ሳይከፍሉ ሰንብተው ይሆናል፤ የመብራት ቢሉ ሦስት ወር አልፎት በሩ ላይ ተሰክቶ ይሆናል። ባለሱቁን ጠይቀው፤ "የእትዬ ነገርማ..." ብሎ ይጀምርልሃል። ደብተሩ ላይ "ባለ ሰርቪሷ" የሚል ገጽ ካየህ አትሳቅ። ያ ገጽ ሁለታችሁም የምትተዳደሩት በአንድ ደብተር መሆኑን ያሳያል፤ ባንተ የሚጨክኑትም የሳቸው ኪራይ ሲዘገይ የሱቁ መስመር ስለማይሰረዝ ነው።

አሁን የቀረው አንድ ምክር ነው። ወደ ድሮው ሱቅ ሂድ። በሌላው መንገድ ሳይሆን በፊት ለፊቱ። "ያቺ ነገር ስንት ነበረች?" በል። ባለሱቁ ደብተሩን ሳይገልጥ እስከ ሳንቲሙ ይነግርሃል። ሙሉውን ከሌለህ ግማሹን ስጥ፤ ግማሹም ከሌለህ "በዚህ ወር አልሆነልኝም፣ በሚቀጥለው ይህን ያህል አመጣለሁ" በልና በሚቀጥለው አምጣ። የአሜሪካው ቁጥር ለምን እንደዘገየህ አይጠይቅህም፤ ስትመጣም ተነሥቶ ወንበር አያቀርብልህም። ባለሱቁ ሁለቱንም ያደርጋል። ከዚያ በኋላ የእትዬ ልጅ ለስኳር ብትላክ የምትመልሰው ቃል "ይዘገያል እንጂ ይከፍላል" የሚል ይሆናል። በደብረ ማርቆስ ለተከራይ ከዚህ የበለጠ ምስክር ወረቀት የለም፤ ደላላም፣ ዋስም፣ ጤፍም አይስተካከለውም።

ይህን ምክር መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት ከሁሉም መሐል ገንዘብ የሚያስወጣው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ለቀሩት ምክሮች ደግሞ ዋጋ አልጠይቅህም፤ ደግነት እንዳይመስልህ፣ ካንተ ጋር በዱቤ መሥራት አልደፍርም።